በሰሌዳው መሀል ያለው መስመር

ተማሪዎቿ «ቲቸር ጓ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ለክፋት አይደለም። በየዓመቱ የስምንተኛ ክፍል ፊዚክስ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ክፍሉን ሙሉ ነድታ ወደ ግቢው ታወጣለች፤ ያረጀ ቆርቆሮ መሬት ላይ ታነጥፋለች፤ ልጆቹን ከቆርቆሮው አሥር እርምጃ አርቃ ታቆምና ዓይናቸውን ታስጨፍናለች። ከዚያ ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ትወጣለች። በአንድ እጇ ሁለት ጭብጥ የሚያህል የመዶሻ ራስ፣ በሌላው ከእሱ በጣም የሚቀል፣ ግድግዳ ቀጥ ማለቱ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚለካበት የግንበኛ ቱምቢ ይዛ ሁለቱን እኩል ትለቃቸዋለች። ቆርቆሮው «ጓ!» ይላል።

«ስንት ድምፅ ሰማችሁ?» ትላለች ከላይ።

«አንድ!»

«ማን ቀደመ?»

«እኩል ናቸው!»

መዶሻውም ቱምቢውም የአባቷ ናቸው። አባቷ ግንበኛ ነበር። ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ምሳውን ይዛለት ሄዳ፣ ከእንጨቱ ርብራብ ላይ የተንጠለጠለው ባልዲ ገመዱ ተበጥሶ ሲገለበጥ፣ እነዚሁ ሁለት ዕቃዎች ጎን ለጎን ወርደው እኩል መሬት ሲመቱ በዓይኗ አየች። አባቷ በድንጋጤ እየሮጠ ወረደ። ደህና መሆኗን ካረጋገጠ በኋላ ስለ ዕቃዎቹ ስትነግረው ሳቀ። «ለሰው ብትነግሪው ከባዱ ነው የሚቀድመው ብሎ ድርቅ ይልብሻል። ያየሽው ግን አንቺ ነሽ» አላት። ፊዚክስ ያስመረጣት ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት ስትጠቅስ ሰምቼ አላውቅም።

እንግዲህ ችግሩ የመማሪያ መጽሐፉ ገጽ ሠላሳ አንድ ነው። «ከአንድ ከፍታ ከተለቀቁ ሁለት ድንጋዮች ከባዱ ቀድሞ መሬት ይደርሳል» ይላል፣ ከነሥዕሉ። አንዱ ቸኩሎ ጻፈው፣ ሌላው ሳያነብ ፈረመበት፣ ሦስተኛው አሳተመው። ዓለም ከስንት መቶ ዓመት በፊት የዘጋውን ጉዳይ እነዚህ ሦስት ሰዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ ከፈቱት። ይባስ ብሎ ዋናውን የማጠቃለያ ፈተና የሚያወጡት ሰዎች ይህችን ጥያቄ ወደዷት። በየዓመቱ ትወጣለች፤ መልሷም በየዓመቱ «ከባዱ» ነው።

መጽሐፉ በወጣ በመጀመሪያው ዓመት ቲቸር ጓ እውነቱን ብቻ አስተማረች። መጽሐፉ ተሳስቷል አለች፣ ገጹን በእርሳስ አሰረዘች፣ ቆርቆሮውን አስጮኸች። በዚያ ክፍል በዕድሜ ከሁሉም የምትልቅ አንዲት ትጉ ልጅ ነበረች፤ ቲቸሯ ያለችውን አንዲት ቃል መሬት የማትጥል። ፈተናው ላይ «እኩል» ብላ መለሰች። ውጤት ሲመጣ በአንዲት ጥያቄ ጎድላ ወደቀች።

በሳምንቱ እናትየዋ ወደ መምህራን ክፍል መጣች። ልብስ አጣቢ ናት፤ ጣቶቿ በሳሙና ተልጠዋል። የተሰጣትን ወንበር ገፋ አድርጋ ቆመች።

«ልጄ ትክክል ነው የመለስኩት ትላለች። እውነቷን ነው?»

«እውነቷን ነው።»

«ታዲያ እንዴት ወደቀች?»

«መጽሐፉ ተሳስቶ ነው።»

«መሳሳቱን እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ፈተናው ከመጽሐፉ እንደሚወጣስ?»

ቲቸር ጓ ሴትየዋ ጮኻ ብትሰድባት በወደደች። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ እኮ እውነት እንድትማርልኝ አይደለም የላክኋት፤ እንድታልፍልኝ ነው» ብላ ወጣች።

ልጅቷ የብስኩት ፋብሪካ ገብታ ካርቶን ታጥፋለች። ጠዋት ጠዋት ከቲቸር ጓ ጋር አውቶቡስ ውስጥ ይገናኙ ነበር። ልጅቷ ባየቻት ቁጥር ብድግ ብላ «ቲቸር፣ ይቀመጡ» ትላታለች፤ ያለ ቂም፣ ከልቧ። ቲቸር ጓ ያን ወንበር ሦስት ጊዜ ተቀመጠችበት። ከዚያ በኋላ አርባ ደቂቃ በእግሯ መሄድ ጀመረች።

በሰሌዳው መሀል መስመር ያሰመረችው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ከላይ እስከ ታች በጠመኔ ቀጥ ያለ መስመር፤ በግራው አናት ላይ «ለማወቅ»፣ በቀኙ «ለፈተና»። በግራው «እኩል ይደርሳሉ»፣ በቀኙ «ከባዱ ይቀድማል»። «ልጆች፣ ግራው እውነቱ ነው። ቀኙ ወረቀት ላይ የምትጽፉት ነው። አደራ እንዳታቀላቅሉ» አለቻቸው። ልጆቹም ደብተራቸውን እንዲሁ ለሁለት ከፈሉ። ስትጽፈው አፈረች። ሆኖም በዚያ ዓመት በገጽ ሠላሳ አንድ ምክንያት የወደቀ አንድም ልጅ የለም።

ዳይሬክተሩ ደስታውን አልቻለውም። «የኔ እህት፣ ይኼን ዘዴሽን ለሌሎቹም አካፍዪ እንጂ! ለብቻሽ ይዘሽው ልትሞቺ ነው?» አላት። የሒሳብ መምህሩ ወዲያው ቀዳው፤ የእሱም መጽሐፍ የራሱ ጉድ ነበረው። እሷም ብትሆን ገጽ ሠላሳ አንድን ብቻ ብላ የጀመረችው መስመር ገጽ አርባ አራትን ጨመረ፣ ገጽ ሰባ ሁለትን ጨመረ። አምስት ዓመት ሳይሞላ ግራው ዓምድ ቀጠነ። ልጆች ሞኞች አይደሉም። የማይፈተኑበትን ነገር ምን ቆርጧቸው ይገለብጣሉ? «ቲቸር፣ ግራውን እንጻፈው ወይስ ዝም ብለን እንየው?» ይሏት ጀመር። «እዩት» ትላቸዋለች፣ ሰዓቱ ስለሚያጥራት።

መቼም ቁጭ ብላ አላየችም። ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ደብዳቤ ጻፈች። ለስምንቱ ጆሮ ዳባ ልበስ አሏት። ለዘጠነኛው «በቡድን በአካል ከታየ በኋላ ለሚቀጥለው ኅትመት ታሳቢ ይደረጋል» የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት መጣላት። አብራት የምትኖረው ልብስ ሰፊ ታላቅ እህቷ ወረቀቱን መነጽሯ ሥር አገላብጣ አየችው።

«ለአንዲት መስመር አሥራ አንድ ዓመት? ይኼን ያህል ባል ብትፈልጊበት ኖሮ እስካሁን ልጅ ድረሽ ነበር።»

«እትዬ፣ አትቀልጂ። መጽሐፉን ሊያሻሽሉት ነው፤ እኔ ጋ መጥተው ሊያዩ ነው።»

«እሰይ! እንግዲያው እሱን ሸሚዝ አውልቂና ልተኩስልሽ። ክርኑ አልቋል፤ እጅጌውን አጣጥፈሽ ልበሽው» አለች እህቷ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ሊያዩ የመጡት ሦስት ሰዎች ናቸው። የሒሳብና የሳይንስ ትምህርትን ለማሻሻል የተቋቋመ ቡድን ይባላሉ። አለቃቸው ትሑት፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ መናገሩ ይቀልለኝ ነበር። በዳይሬክተሩ ቢሮ ቅጹን ዘርግቶ አስረዳት።

«መምህርት፣ ደብዳቤዎን አንብቤዋለሁ፤ እኔ በግሌ እርስዎ ትክክል ነዎት ብዬ አምናለሁ። ግን አዲሱ አሠራር ተማሪ ተኮር ነው። የእኔም የእርስዎም አስተያየት አይቆጠርም። ሙከራውን ያሳያሉ፣ ተማሪዎቹ ያገኙትን ራሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ የተናገሩትን እጽፋለሁ። መምህር ጣልቃ ከገባ ቅጹ ይሰረዛል።»

«እነሱ ከመሰከሩ ገጹ ይታረማል?»

«ማተሚያ ቤት የሚገባው ሰኞ ነው። ከመሰከሩ እሑድ አርሜ አስገባዋለሁ። ካለፈ ግን ከዚህ ቀጥሎ የሚታተመው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።»

ጡረታዋ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። በልቧ ልጅቷን አሰበች፤ ካርቶኑን፣ «ቲቸር፣ ይቀመጡ» የሚለውን። ገጹ ከታረመ መስመሩን ታጠፋዋለች፤ ከዚህ በኋላ አንድም ልጅ እውነት ተናግሮ አይወድቅም።

ወደ ክፍሉ ስትሄድ ዳይሬክተሩ ኮሪደሩ ላይ ደረሰባትና በጆሮዋ፣ «ምን እንደሚሉ ቀድመሽ ንገሪያቸው እንጂ! ለጉብኝት ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» አላት። አልነገረቻቸውም። ይህን በሉ ብላ ብታስጠናቸው ያው ሌላ ቀኝ ዓምድ መሆኑ አይደል? ጆሮ አላቸው፤ ይስሙ። ለአንዴ እንኳ እንዲሁ ይስሙ አለች። በዚህች ውሳኔዋ እኔ እስከ ዛሬ እኮራባታለሁ፤ አንጀቴንም የሚበላኝ ይኸው ነው።

አርባ ሦስት ልጆች ቆርቆሮውን ከሩቅ ከበው ቆሙ። የቡድኑ አለቃ ብዕሩን ከፍቶ ከጎናቸው ሆነ። እሷ በረንዳው ላይ ወጣች። ነፋስ የለም፤ ግቢው ጸጥ ብሏል።

«ዓይናችሁን ጨፍኑ!»

ለቀቀቻቸው።

ጓ!

አንድ ድምፅ ነው። ያን ቀን የነበረ ሁሉ ሰምቶታል፤ በር ላይ የቆመው ዘበኛ ሳይቀር። የቡድኑ አለቃ ፈገግ ብሎ ወደ ላይ አያት፤ እሷም ፈገግ አለች።

«ደህና ልጆች» አለ፤ «ስንት ድምፅ ሰማችሁ?»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከፊት የቆመች አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። ክፍሉን የምትመራው እሷ ናት፤ ደብተሯ እንደ ተተኮሰ ልብስ ንጹሕ።

«ጋሼ፣ ይኼ የሚመዘገብ ነው ወይስ እንዲሁ ነው?»

ሰውየው ጥያቄው ደስ አለው። ቁም ነገር ያላት ልጅ መሰለችው። «የሚመዘገብ ነው እንጂ! እናንተ የምትሉት ጽሕፈት ቤት ድረስ ይሄዳል» አላት።

ቲቸር ጓ ከላይ ሆና ክው አለች። የሚመጣውን ከእነሱ ቀድማ አወቀችው።

«እንግዲያው ሁለት ነው» አለች ልጅቷ። «መጀመሪያ ከባዱ፣ ቀጥሎ ቀላሉ።»

«ሁለት!» አለ ክፍሉ በአንድ አፍ።

ሰውየው ግራ ገባው። «እርግጠኞች ናችሁ?»

«አዎ!»

«ልጆች!» ብላ ጮኸች ከበረንዳው። «የሰማችሁትን…»

«መምህርት፣ እባክዎ» አለ ሰውየው እጁን አንሥቶ። «መምራት አይቻልም። ከፈለጉ ይድገሙት።»

ደረጃውን ወርዳ ዕቃዎቹን አነሣች፤ የልጆቹን ፊት እያየች ተመልሳ ወጣች። ዓይናቸውን ሳታስጨፍን ለቀቀቻቸው፤ ቢያንስ ያያሉ ብላ። ጓ! መዶሻውና ቱምቢው ጎን ለጎን ቆርቆሮው ላይ አረፉ።

«ስንት?» አለ ሰውየው፤ ድምፁ የሚለምን ይመስል ነበር።

«ሁለት!» አሉ፤ ከበፊቱም አስበልጠው። ጎበዝ ተማሪ ሲጠየቅ እንደሚመልሰው፣ ደረታቸውን ነፍተው።

ጻፈው። ምን ያድርግ? ቅጹ የእሱን ጆሮ የሚጠይቅ ቦታ የለውም። ሲሄዱ በር ላይ ቆም ብሎ መሬት መሬት እያየ፣ «መምህርት፣ በጣም አዝናለሁ። እኔም አንድ ነው የሰማሁት። አሁን ግን ገጹ ሥር “በተማሪዎች የተግባር ሙከራ የተረጋገጠ” የሚል ይጨመርበታል፤ አሠራሩ ነው» አላት።

«በእኔ መዶሻ?» አለች። ሰውየው ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

ግቢው ባዶ ሲሆን ቆርቆሮውን ለማንሣት ጎንበስ አለች። ያቺ ቀጭን ልጅ ከኋላዋ መጥታ አንዱን ጫፍ ያዘችላት። ወደ ዕቃ ቤቱ ይዘውት እየሄዱ ልጅቷ ፊቷን ቀና አድርጋ አየቻት፤ ዓይኗ ምስጋና ይጠብቃል።

«ቲቸር፣ አላሳፈርንሽም አይደል? ሁላችንም አንድ ነው የሰማነው። ሊያቀላቅሉ የነበሩ ልጆች ነበሩ፤ እኔ ነኝ በቀኙ መልሱ ያልኳቸው።»

ቲቸር ጓ ቆርቆሮውን መሬት ላይ አስቀመጠች። አባቷ ያን ቀን ከርብራቡ ሥር «ያየሽው ግን አንቺ ነሽ» ያላት ቃል ምላሷ ላይ መጣ፤ ዋጠችው። የልጅቷን ራስ ዳበሰች።

«አላሳፈራችሁኝም» አለቻት። «እንዳስተማርኳችሁ ነው የመለሳችሁት።»

ልጅቷ ደስ ብሏት እየሮጠች ወደ ክፍሏ ሄደች።