የሂርሲ ሰዓት ኮፒ

ሀምዲያ ሂርሲ ጅጅጋ ውስጥ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ሌላው በስልኩ የሠርግ ቪዲዮ ሲያይ እሷ የእጅ ሰዓት ታያለች። ፍቅሩ የያዛት በልጅነቷ ነው። አባቷ ሂርሲ ኤረር ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ ነጭ ገጽ፣ ቡናማ የቆዳ ማሰሪያ ያለው ሰዓት ነበራቸው። ሲሞቱ ታላቅ ወንድሟ ዐብዲሓኪም ወሰደውና አይሻ ከተማ ገባ። በዓመቱ "እስቲ አንዴ ልየው" ብትለው "የወንድ ዕቃ ምን ያደርግልሻል?" ብሎ ተቆጣት። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈው ቀሩ።

አምና የራሷን ስብስብ ልትጀምር ቆርጣ፣ ገበያው አጠገብ ሰዓት ወደሚሸጠው ኤልሚ ሄደች።

"ሁሉም ኮፒ ነው፤ ኦሪጂናል ብዬ አልዋሽሽም" አላት ኤልሚ። "ለጀማሪ ደግሞ ኮፒ ይሻላል፤ የምትወጂውን ታውቂበታለሽ። ስሙን ተይው። አንሥተሽ ክብደቱን እዪ። ጽሑፉ እንዳይንጋደድ፣ ዘለበቱ እንዳይላላ።"

የሚያብለጨልጩትን እያነሣች መለሰች። አንድ ሰማያዊ ልቧን ሊወስደው ምንም አልቀረውም። ከሥሩ ግን ነጩን አየችው። ቁጥሮቹ፣ ማሰሪያው ሳይቀር ቁርጥ የአባቷን ሰዓት። ሌላ መምረጥ አልቻለችም።

በሳምንቱ እናቷ ኤብላ ለዓይናቸው ሕክምና ከኤረር መጡ። ምሳ ላይ የልጃቸውን እጅ ያዙና ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

"ዐብዲሓኪም ሰጠሽ?" አሉ። "አልሐምዱሊላህ። ታረቃችኋል ማለት ነው።"

"ሆዮ..." አለች ሀምዲያ፤ እናቷን የምትጠራው በሶማሊኛ ነው። እናቷ ሰዓቱን እየሳሙ ነበር።

ኤብላ ወዲያው ለዐብዲሓኪም ደወሉ። ሀምዲያ የምትገባበት ጠፍቷት ሳህን ታነሣለች።

"የአባትህን ሰዓት ለእህትህ በመስጠትህ አላህ ይባርክህ" ሲሉ ሰማች። በወዲያኛው በኩል የወንድሟ ድምፅ መጣ፤ "አሚን፣ ሆዮ።"

አሚን ማለቱ ግራ አጋባት። እናቷ ጋደም ሲሉ ግቢ ወጥታ ደወለችለት።

"ለምን አልሰጠኋትም አላልክም?"

"አንቺስ ለምን አልነገርሻትም?"

"እየሳመችው ነበር።"

"ሰዓቱ የለም፣ ሀምዲያ። በወሰድኩት ዓመት ጅቡቲ ዕቃ ሳወርድ ከእጄ ወለቀ፤ የት እንደወደቀ እንኳ አላየሁም። ልየው ስትዪኝ የማሳይሽ ስለሌለኝ ተቆጣሁ። የአባቱን ሰዓት ጣለ ከምትዪኝ፣ ንፉግ ነው ብትዪኝ ይሻላል አልኩ።"

ልትቆጣው ፈለገች፤ እጇ ላይ ያለውን ስታይ ግን ተወችው። "ዛሬውኑ እንንገራት" አለችው።

"ዓይኗን ትታከም፤ ከዚያ" አላት።

ዓይናቸው ታከመ፤ አልነገሯቸውም። ኤረር ተመለሱ፤ አልነገሯቸውም። ዐብዲሓኪም ለዒድ ከነሚስቱ ጅጅጋ መጣ። እንደ ልጅነታቸው እየተነኳኮሱ ሳቁ። ይህን ሁሉ ያመጣው እናቷን ማታለሏ መሆኑ ትዝ ሲላት ግን ሳቁ አፏ ላይ ይደርቃል። ኤልሚ "ሰማያዊው አሁንም አለ" እያለ ሲጠራት በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረች። ስብስቡ አንድ ሰዓት ላይ ቆመ። እሱንም የምታስረው እናቷ ሲመጡ ብቻ ነው።

በቅርቡ የዐብዲሓኪም ሚስት አረገዘች። ኤብላ ደስታቸውን ሊነግሯት ደወሉ።

"ወንድ ከሆነ የአያቱን ሰዓት ትሰጪዋለሽ" አሏት። "እሱ ላንቺ እንደሰጠሽ፣ አንቺም ለልጁ።"

"እሺ፣ ሆዮ" አለች። ስልኩ እንደተዘጋ ወንድሟ ጋ ደወለች። "ልጁ ሳይወለድ ኤረር እንሂድ። አብረን እንንገራት።"

"አርብ እመጣለሁ" አላት።

አርብ ደረሰ። ዐብዲሓኪም ሥራ እንደያዘው ሊነግራት ደወለ። እሷም ምን ሥራ ነው አላለችውም።