የችሎቱ ስም ጠሪ

ይህን ለሰው አውርቼው አላውቅም። በጃንሆይ ጊዜ ወረታ ላይ የችሎት ስም ጠሪ ነበርሁ። ባለጉዳዩ ሁሉ «አቤት!» እያለ ሲነሣልኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ይደረግ፣ ወጣት ነበርሁ።

አንድ የክረምት ጠዋት «ጥሩነህ ካሴ!» ብዬ ተጣራሁ። ዝም። ደገምሁ፤ አሁንም ዝም። በረንዳ ወጥቼ «አንተ ጥሩነህ! አቤት ማለት ያስተማረህ የለም? መዝገብህን ላዘጋው ነው!» ብዬ ደነፋሁ። ሰዉ ሳቀ። ሳቁ የባሰ ልብ ሰጠኝ።

ከግድግዳው ሥር አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ፣ የፎገራን ረግረግ ሲያቋርጡ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ የተለወሱ፣ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«አቤት ጌታዬ» አሉ፣ ጎንበስ ብለው። «ብያለሁ እኮ፤ ድምፄ ደክሞ ነው።»

የቁሐር ሚካኤሉ የኔታ ነበሩ! ፊደል የቆጠርሁት፣ ሲጠሩኝ «አቤት የኔታ» ማለትንም የተማርሁት ከእሳቸው እግር ሥር ነው። ስማቸውን ግን ጠይቄ አላውቅም፤ የኔታን ስምዎ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ የለም።

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። አንተ የእኔ ተማሪ አይደለህም?»

ድምፄን ለውጬ የሚቀጥለውን ስም ጠራሁ።