የፕሌይ ልጅ፣ የቦክስ ልጅ

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይጨቃጨቁ ነበር። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። አንዱ ፕሌይስቴሽን ይሻላል ይላል፣ ሌላው ኤክስቦክስ። ስለ ምስሉ ጥራት ተከራከሩ፣ ስለ ፍጥነቱ ተከራከሩ፣ በመጨረሻም ክርክሩን ትተው መሰዳደብ ጀመሩ። ሾፌሩ አላስችል ብሎት አንገቱን አዙሮ "ፕሌይ ነው እንጂ!" ሲል ባጃጁ ወደ ጎርፍ መውረጃው ዘንበል አለና ሁላችንም በአንድ ድምፅ ጮኽን። እኔ ወደ አርባ የተጠጋሁ፣ በአንድ እጄ የቢሮ ቦርሳ በሌላው የቲማቲም ፌስታል የያዝኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ መግባት አያምርብኝም። ቢሆንም ከፍዬ ስወርድ "ሾፌሩ ልክ ነው" ብያቸው ሄድኩ። ሁለቱም አፍጥጠው ቀሩ።

ምን ያድርጉ፤ የሚያናግራቸው የፕሌይ ልጅ መሆኑን በምን ያውቃሉ!

ነገሩ የጀመረው አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከገበያው ጀርባ፣ ሁለት ባጃጅ ፊት ለፊት ሲገናኝ አንደኛው ወደ ኋላ ካልተመለሰ የማያሳልፍ ቀይ አፈር መንገድ ነበር። በወዲህ በኩል የእትዬ ሙሉ ጌም ቤት፣ በወዲያ በኩል የአሚ ሸምሰዲን ጌም ቤት ተፋጠው ይኖራሉ። ጌም ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት፣ ወፍራም ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ከአግዳሚው ጀርባ ደግሞ ተራ የሚጠብቅና ከተጫዋቹ በላይ የሚጮህ ሕዝብ ነው። ጨዋታውም አንድ ብቻ ነው፤ ኳስ።

እትዬ ሙሉ ወላጆቻቸው በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ፣ እሳቸው እዚሁ አሶሳ ያደጉ ሴት ናቸው። አነጋገራቸው ግን ከወሎ ንቅንቅ አላለም። ፕሌይስቴሽኑን ወንድማቸው ከአዲስ አበባ ነው የላከላቸው። ኳስ አያውቁም፣ ኦፍሳይድ ቢነግሯቸው አይገባቸውም፤ ግን አንድ ሰው ቤታቸው ቆሞ የማዶውን ማሽን ቢያመሰግን ዓይናቸው ይቀላል። የአሚ ሸምሰዲን ማሽን ደግሞ በኩርሙክ በኩል ከሱዳን የገባ ኤክስቦክስ ነው። ማሽኑ የሚያወራው በዐረብኛ ነው። ጎል ሲገባ አስተላላፊው ትንፋሹ እስኪያልቅ ይጮኻል፤ እዚያ የሚጫወቱት የበርታ ልጆች እኩል ይጮኻሉ፤ ጩኸቱ መንገዱን ተሻግሮ እኛ ጋ ይመጣል። የእኛው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ጎል ሲገባም የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚያነብ ነው የሚመስለው። ይህን ለማዶ ልጆች በጭራሽ አላመንንላቸውም።

ያላመንነው ብዙ ነው። እኛ "የቦክስ ኳስ ክብደት የላትም፣ ፊኛ ናት" እንላለን። እነሱ "የፕሌይ ተጫዋቾች ውሃ ውስጥ ነው የሚሮጡት" ይላሉ። ከእኛ መሃል ቦክስ ላይ ዓይኑን የሚያመው ልጅ ነበር፤ ከመንገዱ ወዲህ ሆኖ በበሩ አጮልቆ ብቻ ነው ያየው። እንደዚያም ሆኖ አሞት ነበር።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ሐሺም ባይኖር። ሐሺም የአሚ ሸምሰዲን የወንድም ልጅ ነው። ሁላችንም ሰውየውን "አሚ" የምንላቸው እሱ እንደዚያ ስለሚጠራቸው ነው፤ በዐረብኛ አጎቴ ማለት ነው። እኔና ሐሺም ከታችኛው ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ ነው የተማርነው። እሱ ሒሳብ ያሳየኛል፣ እኔ አማርኛ ድርሰቱን አስተካክልለታለሁ፤ በአንድ ብስክሌት ነው ትምህርት ቤት የምንሄደው። አጎቱ ጌም ቤት ሲከፍቱ እሱ የቦክስ ልጅ ሆነ፤ እኔ እትዬ ሙሉ ቤት ቀረሁ። መጀመሪያ ተቀላለድን፣ ቀጥሎ ተነካካን። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ የማን ማሽን ይሻላል ሲባል ድምፃችን ከፍ አለ፤ በማግስቱ እሱ መጨረሻ ወንበር ሄዶ ተቀመጠ፣ እኔም አልጠራሁትም። ብስክሌቱ የእሱ ስለነበር በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። በፕሌይስቴሽንና በኤክስቦክስ ተኮራርፎ ሰላምታ ማቆም ዛሬ ሲነገር ያስቃል። ያኔ አላሳቀንም።

ግንቦት ላይ ማንጎው ደረሰ። የአሶሳን ግንቦት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፣ መንገድ ዳር ሴቶች ማንጎውን ቆልለው ይሸጣሉ፣ የልጅ አገጭና ክርን ቢጫ ይሆናል፣ ንቡም ከኋላ ይከተላል። ለጌም ቤት ግን ከማንጎ የባሰ ጠላት የለም። ጭማቂው ጆይስቲኩ ውስጥ ከገባ ቁልፉ ይጣበቅና ተጫዋቹ ሳትነካው ይሮጣል። እትዬ ሙሉ በዚህ ወቅት በራቸው ላይ ጀሪካን ውሃና ሳሙና ያስቀምጡና ዱላ ይዘው ይቆማሉ። "አሳየኝ እጅህን! ተታጠብክ በኋላ ነው ተዚህ ቤት የምትገባው" ይላሉ። መዳፍ ገልብጠው ያያሉ፣ ካላመኑ ያሸታሉ።

በዚያው ሰሞን ሐሺም ሊሄድ እንደሆነ ሰማሁ። አባቱ የጤና ባለሙያ ናቸው፤ ወደ መንጌ ተዛውረዋል፣ ትምህርት ሲዘጋ ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። የሰማሁት ከሐሺም አፍ አልነበረም። የክፍል አለቃችን ናት እንደ ተራ ወሬ የነገረችኝ። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም። መንጌ ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ በሚኒባስ ይደረሳል። እንደተኮራረፍን ከሄደ ግን ያ ኩርፊያ ሳይፈታ እንደሚቀር ገብቶኛል። ሄዶ ማናገር ደግሞ አቃተኝ። የፕሌይ ልጅ መንገዱን ተሻግሮ ቦክስ ቤት ገባ ከሚባል ሞት ይሻለኝ ነበር።

በመጨረሻ የሁለቱ ቤት ልጆች ውድድር ይደረግ አሉ። እያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው ያቆማል። የእኛዎቹ እኔን መረጡ፤ እነሱ ሐሺምን። በማን ማሽን? እዚህ ላይ ጉዳዩ ቀናት ፈጀ። አሚ ሸምሰዲንና እትዬ ሙሉ መንገዱ መሃል ቆመው ተነጋገሩና ደርሶ መልስ ይሁን አሉ፤ አንድ ጨዋታ በፕሌይ፣ አንድ ጨዋታ በቦክስ፣ ጎሉ ይደመራል። የተሸነፈው ትምህርት እስኪዘጋ በአሸናፊው ቤት ይጫወታል፤ በራሱ ቤት ደጃፍ ዝር አይልም። ከዚህ የከፋ ቅጣት ያሰበ አልነበረም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሐሺም ወደ እኛ ቤት ገባ። እትዬ ሙሉ መዳፉን ገልብጠው አይተው አሳለፉት። አጠገቤ ተቀመጠ፤ ትከሻችን ተነካካ፤ አልተያየንም። ሁለት ለአንድ አሸነፍኩት። ቤቱ ተናወጠ፣ እትዬ ሙሉ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው እልል አሉ። ልጆቹ አንስተው መንገድ ላይ አወጡኝ፤ አንዱ ከተቆለለው ትልቁን ማንጎ መርጦ ሰጠኝ። በጥርሴ ልጬ፣ እየበላሁ፣ ጭማቂው እስከ ክርኔ እየወረደ፣ ለመልሱ ጨዋታ እንደ ጀግና መንገዱን ተሻገርኩ። የእኛ ቤት ሕግ ሲገባ እንጂ ሲወጣ አይደለማ! ማዶም ተመሳሳይ ሕግ ይኖራል ብሎ ያሰበ ከእኛ አንድም ሰው አልነበረም። የማዶ ልጆች ማሽናቸውን የሚንከባከቡ አይመስለንም ነበር።

አሚ ሸምሰዲን በሩ ላይ እጄን ያዙት። ገለበጡት። ፊታቸው ተለወጠ።

"ማንጎ! ወላሂ፣ ማንጎ ያለው እጅ የኔ ማሽን አይነካም። ኸላስ!"

የእኛ ልጆች "ሰበብ ነው! ፈርታችሁ ነው!" ብለው ጮኹ። የእነሱም መለሱ። ዝናቡ በዚያው ሰዓት ጣለና ሁሉም ቆርቆሮው ሥር ተጠጋጋ። እኔ በማንጎ የሚጣበቁ ሁለት እጆቼን ዘርግቼ በሩ ላይ ቀረሁ። ወደ ኋላ ብመለስ ሽንፈት ነው፤ ወደ ፊት መግባት ተከልክያለሁ።

ያኔ ሐሺም ከውስጥ ወጣ። በአንድ እጁ አጎቱ ከሶላት በፊት ለውዱእ የሚታጠቡበትን የላስቲክ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው ሳሙና ይዟል።

"እጅህን ዘርጋ" አለኝ።

ዘረጋሁ። ውሃውን ቀስ አድርጎ አፈሰሰልኝ። በእኛም ቤት በእነሱም ቤት እንግዳ ሲመጣ ማስታጠብ የልጅ ሥራ ነው፤ እሱም እኔም ስናደርገው ነው ያደግነው። እሱ ግን እኔን አስታጥቦኝ አያውቅም፤ እንግዳው ሆኜ አላውቅማ።

"በጣቶችህ መሃል እሸው። ማንጎ በውሃ ብቻ አይለቅም።"

"መንጌ ልትሄድ ነው አሉ" አልኩት፣ ሳሙናውን እያየሁ።

ውሃው ቆመ። "ማን ነገረህ?"

"አንተማ አልነገርከኝም።"

"እንዴት ልንገርህ? መንገድ አልሻገር ብለህ!"

"አንተስ ተሻግረህ ነበር?"

ሁለታችንም ያን መንገድ አየነው። አንዲት ዶሮ ከዝናቡ ለመሸሽ በሦስት ዝላይ ስትሻገረው አየንና ሳቃችን አመለጠን። ማንቆርቆሪያው በእጁ እየተንቀጠቀጠ እግሬን አበሰበሰው። ከኋላችን ልጆቹ ምን እንዳሳቀን ይጠያየቃሉ። በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን ደስታ ከዚያ በኋላ በብዙ ትላልቅ ነገሮች አላገኘሁትም፤ ሠርጌን ጨምሬ ነው የምናገረው፣ ባለቤቴ አታንብበው።

ገብቼ ጆይስቲኩን ስይዝ ቁልፎቹ ላይ ያሉት የማላውቃቸው ምልክቶች አስደነገጡኝ። ሐሺም ጎንበስ ብሎ "ምልክቱን ተወው፤ ቦታው ያው ነው። ከታች ማቀበል፣ ከግራ መምታት" አለኝ። ከኋላው አንዱ "ሐሺም! ለጠላት ታስተምራለህ እንዴ?" ብሎ ጮኸ። "ሳያውቅ ባሸንፈው ምን ዋጋ አለው?" አለ ሐሺም። ጀመርን። አውራ ጣቴ ሳልነግረው ቦታውን አገኘ። ወራት ሙሉ የተጣላንበት ማሽን ለጣቴ ያው የለመደው ነበር። ኳሷም ፊኛ አልነበረችም። ጎል ሳገባ ዐረብኛው አስተላላፊ ለእኔም እኩል ጮኸልኝ፤ ልቤ ሞቀ፣ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ሦስት ለአንድ አሸነፈኝ። በድምሩ አለቀልኝ።

ሆን ብለህ ነው የተሸነፍከው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ያን ያህል ደግ ሰው አይደለሁም። የመጨረሻዋን ጎል ሲያገባብኝ ጆይስቲኩን ልወረውረው ቃጥቶኝ ነበር። ተነስቼ ስወጣ እትዬ ሙሉ መንገድ ማዶ ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ አድርገው ቆመው "ምን ሆነ?" አሉ። ሲነግሯቸው እጃቸውን በአፋቸው ጫኑና "ያረቢ! ልጄን ወሰዱብኝ" አሉ። ቅጣቱ ምን እንደሆነ የታወሰኝ ይህን ጊዜ ነው። ትምህርት እስኪዘጋ፣ በየቀኑ፣ ከሐሺም ጎን ልቀመጥ ተፈርዶብኛል። ፊቴን አኮሳትሬ ለመቆየት ትልቅ ሥራ ሆነብኝ።

እነዚያን ሳምንታት እንደተፈረደብኝ አሳለፍኳቸው። በመግቢያው እጄን እየታጠብኩ፣ ዐረብኛ ስድብ እየተማርኩ፣ በዝናብ ጊዜ አሚ ሸምሰዲን ከሚያስቀቅሉት በቆሎ እየተካፈልኩ። ሐሺም ወደ ዴስካችን ተመለሰ፣ ብስክሌቷም ሁለት ሰው መሸከም ጀመረች። ሰኔ ላይ ጓዛቸው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሲታሰር ገመዱን ይዤ ነበር። ተቃቅፈን ተለያየን። ሚኒባሱ ሲነቃነቅ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ቦክስ ይሻላል!" ብሎ ጮኸ። እኔም እስኪሰወር ድረስ "ፕሌይ!" ስል ቆየሁ። በማግስቱ እትዬ ሙሉ ቤት ተመለስኩ፤ ለምን ብትሉኝ፣ የእኔ ቤት ነዋ።

አሁን ሁለቱም ጌም ቤቶች የሉም፤ ቦታቸው ላይ የስልክ ዕቃና የልብስ ሱቅ ቆሟል። የባጃጁ ክርክር ባጋጠመኝ ማታ ሐሺም ከመንጌ ደወለልኝ። እዚያው አስተማሪ ሆኖ አግብቶ ወልዷል። ትልቁ ልጁ ጌም ግዙልኝ እያለ አስጨንቆታል።

"ምን ልግዛለት?" አለኝ።

"ፕሌይ" አልኩ፣ ሳይጨርስ።

"ምክንያትህ?"

አሰብኩ። ከያኔ ጀምሮ ሁለቱም ስንት ጊዜ እንደተለወጡ አላውቅም፤ የአሁኑን በእጄ ነክቼ አላውቅም። "ምክንያት የለኝም" አልኩት። ሳቀ። እኔ ለዚያ ቤት፣ ለእትዬ ሙሉና ለዚያ አግዳሚ ነበር የወገንኩት፤ ማሽኑ ለወገንተኝነቴ የተሰጠ ስም ነበር። ይህ ዛሬ ግልጽ ሆኖልኛል፤ ግን ሐሳቤን አያስለውጠኝም።

"ቦክሱን ትናንት ገዝቼለታለሁ" አለ ሐሺም።

"ታዲያ ለምን ትጠይቀኛለህ?"

"አንተ ሳትቃወመኝ ቤት ሳስገባው ደስ አላለኝም።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ባለቤቴ ከማን ጋር እንደዚያ እንደምጣላ ጠየቀችኝ። ከጓደኛዬ ጋር ነው አልኳት። ዕድሜ ሲገፋ ከእኔ ጋር የሚስማማ ሰው በየቦታው አገኛለሁ፤ በቢሮም፣ በለቅሶ ቤትም፣ በባጃጅም። ሊከራከረኝ ብሎ ከመንጌ የሚደውልልኝ ግን እሱ ብቻ ነው።