ከፈረስ የወደቀው ተዋናይ

ሮማናት አደባባይ አጠገብ በነበረችው የልብስ ስፌት ሱቄ ግድግዳ ላይ የአንድ የድሮ የሕንድ ፊልም ተዋናይ ፎቶ ለጥፌ ነበር። ስለሱ ክፉ ነገር መስማት አልወድም። አንድ ቀን አንድ ሕንዳዊ መምህር ከአገራቸው ሊጠይቁት የመጡ አባቱን ይዞ፣ ሱሪ እንዳሳጥርላቸው መጣ። ሽማግሌው ፎቶውን አይተው ሳቁ።

«ምን ያስቃቸዋል?» አልኩት ልጁን ቆጣ ብዬ። «ይሄ ሰው ወላጅ አልባ ሆኖ አድጎ፣ ሸክም ተሸክሞ ነው ተዋናይ የሆነው። ፊልም ሲሠራ በሱ ፈንታ ማንም እንዲወድቅለት አልፈቀደም። ከፈረስ ሲወድቅ ደሴ ሲኒማ ቤት በዓይኔ አይቻለሁ!»

ልጁ ተረጎመላቸው። «ፈረስ ይፈራ ነበር ይላሉ» አለኝ አፈር ብሎ።

«ውሸት!» ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። «እንዲህ ካሉ ሌላ ጋ ሄደው ያሳጥሩ!»

ጎረቤቴ ጫማ ነጋዴው ሐድጉ «ተው ሐወይ፣ ተው ወንድሜ፣ እንግዳ ናቸው» ቢለኝም አልሰማሁትም።

ሽማግሌው ግን አልተቆጡም። ወንበር ስበው ተቀመጡና የለበሱትን ሱሪ እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡት። ከጉልበታቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው የወረደ ጠባሳ አየሁ። ልጁ ንግግራቸውን ተቀብሎ እንዲህ አለኝ፦

«ያን ጊዜ በሱ ፈንታ የወደቅኩት እኔ ነኝ ይላሉ። እሱማ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር።»