ክር ያልታሰረለት ጣሳ

ፌጦ ሲወቀጥ በሸተተኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አምቦ። ሰው የሚገድል ጉንፋን ጊንጪ መድረሱ በተሰማ ማግስት እናቴ ቤቱን ለበሽታ አዘጋጀች። ጠርሙሱን ፌጦ ሞላችው፤ ሎሚና በሶ አስገዛች፤ ኩባያ እንዳንለዋወጥ ብላ በየእጀታው ላይ የየራሳችንን ቀለም ክር አሰረች። የእኔ ቀይ ነበር።

ሠራተኛችን ቦንቱ የምትጠጣበትን ጣሳ ይዛ ቀረበች።

«አኒ ሆ? የእኔስ ክር፣ እትዬ?»

«አንቺን ደግሞ ምን ይነካሻል? የገጠር ሰው ጠንካራ ነው» አለች እናቴ፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታያት። «ለመሆኑ እኛ ስንተኛ ማን ሊያስታምመን ነው?»

እኔ ሙገሳ መስሎኝ ነበር። ቦንቱ ግን ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ። ጣሳውን እናቴ እግር ሥር አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። አልተመለሰችም።

ጉንፋኑ ሲመጣ ሁላችንንም ባንዴ ጣለን። ፌጦው ሞልቶ ተቀምጧል፤ ተነስቶ የሚወቅጠው ግን ጠፋ።

ዘንድሮም ጉንፋን ገብቷል፤ እናቴ ፌጦ እየወቀጠች ነው።

«ያቺ ውለታ ቢስ» አለችኝ፣ ዘነዘናውን ሳታቆም፣ «በክፉ ቀን ጥላን ሄደች።»