ከሀ ሲጀመር ብቻ

ማክሰኞ ነበር፣ የሐምሌ መጀመሪያ፣ ጊንጪ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። መሠረተ ትምህርት ጣቢያው ውስጥ የነበርነው ሁለት ብቻ ነን... እኔ አስተማሪዋ፣ እና ባለፈው ወር ፈተናውን ያለፉት፣ እንደ እናት «አዴ» የምንላቸው ጫልቱ።

«ዛሬ እኮ ትምህርት የለም አዴ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። የፊደል ገበታው ፊት ትንሽ ልቀመጥ ብዬ ነው።»

ነጠላቸው ውሃ ያንጠባጥባል። ከደረታቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብዳቤ አወጡ። ከሌሊሳ ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ስምንት ወሩ። ያላቸው አንድ ልጅ እሱ ነው።

«የቀበሌው ጸሐፊ ሲሰጠኝ፣ ‹እንግዲህ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፣ አንባቢ ፍለጋ አይንከራተቱም!› ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።»

«መቼ ነው የሰጠዎት?»

«ስምንት ቀኑ።»

ላነብላቸው እጄን ስዘረጋ ወደ ደረታቸው ሸሸጉት። «አይሆንም! ራሴ ነኝ የማነበው። ሰርተፊኬት አለኝ!»

ከዚያ ደብዳቤው ላይ አንዷን ፊደል ያዩና ገበታው ላይ መሳይዋን ይፈልጋሉ። ሲያገኟት ከሀ ጀምረው በጣታቸው እየተከተሉ ያዜማሉ... «ሀ ሁ ሂ ሃ...» እስኪደርሱባት ድረስ። ለሚቀጥለዋ ፊደል ደግሞ እንደገና ከሀ።



ለነገሩ ፊደሉን በቃል እንጂ በዓይን እንደማይለዩት አውቅ ነበር። እኔ ሁልጊዜ ከሀ ጀምሬ በዘንግ ስጠቁም፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ ሲጮኹ፣ የአዴ ጫልቱ ድምፅ ከዘንጌ ይቀድማል። ዓይናቸው ገበታው ላይ እንዳልነበረም አይቻለሁ። ፈታኙ ጓድም ከሀ ጀመረ፣ ተወጡት፣ ተጨበጨበላቸው። እኔም አጨበጨብኩ። ከጣቢያዬ ማንም ሳይወድቅ ይለፍልኝ ብዬ።

የሚቆጨኝ ደግሞ እኔ ራሴ በዜማ ሳልማር እነሱን እንዲህ ማስተማሬ ነው። ፊደል የለቀምኩት ሱቅ ስኳርና ጨው ከሚጠቀለልበት ቁራጭ ጋዜጣ ነው። አንዱ ከመሃል ይጀምራል፣ የሌላው ግማሽ ተቀዷል። የጎደለውን እገምታለሁ፣ እሳሳታለሁ፣ ወረቀቱን አጥፌ «ምን ነበር የሚለው?» እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። ያ የድሃ ትምህርት ይመስለኝ ነበር። አስተማሪ ስባል አፈርኩበትና ተውኩት፤ እንደ ደህና ትምህርት ቤት በዜማ አስጮህኳቸው።

ብዙ ቆይተው ሦስት ቃል አወጡ።

«‹እማዬ እንደተማርሽ ሰምቻለሁ› ይላል!» ፊታቸው በራ። ከዚያ ወረቀቱን ሰጡኝ። «ዓይኔ ደከመ... የቀረውን አንቺ ጨርሺልኝ።»

ሌሊሳ እናቱ እንዳትቸገር ፊደሉን ትልልቅ አድርጎ ጽፎታል። አነበብኩላቸው።

«...ይህን ራስሽ አንብቢው። እሑድ ጠዋት በጊንጪ እናልፋለን፣ መኪናው ለቁርስ ይቆማል። ወደ ሰሜን ነው የሚወስዱን። መንገድ ዳር ውጪልኝ፣ አንዴ ልይሽ።»

«የትኛው እሑድ?» አሉኝ።

ቀኑን ጽፎታል። ከትናንት ወዲያ ነው።

 ቀስ ብለው፣ «መኪኖቹን ሰምቻቸዋለሁ» አሉ። «ጓሮ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር። ሲዘፍኑ ሰማሁና... የማን ልጆች ይሆኑ ብዬ አዘንኩላቸው።»

አላለቀሱም። «ያ ዋቅ» ብለው ፈጣሪያቸውን ጠሩና ደብዳቤውን በእጥፋቱ መልሰው አጠፉት።

«ጥፋቱ የኔ ነው አዴ። አላስተማርኩዎትም።»

ቀና ብለው አዩኝ። «እንግዲያ አስተምሪኛ! ሌላ ቢጽፍስ?»

ረቡዕ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳሁ። ጣቢያውን ከፈትኩ። ገበታውን ከግድግዳ አወረድኩ። በመቀስ ፊደል በፊደል ቆራረጥኩት፣ የዘይት ጣሳ ውስጥ ጨምሬ ደባለቅኩት። አዴ ጫልቱ ቤት ሄድኩ። አንድ ፊደል አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ። «ሀ ሁ...» ብለው ጀመሩ። «ያለ ዜማ» አልኳቸው።  መልሱ አፌ ላይ መጥቶብኝ ነበር፣ ግን አልነገርኳቸውም። ሦስቱን ሳቱ። አራተኛውን ራሳቸው አወጡና ብዙ አዩት።

«ሌ» አሉ።

ወደ ጣሳው አልመለሱትም። ደብዳቤው ያለበት ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

የቀበሌው ገበታ አንድ ፊደል ጎደለው... እኔም መልሱልኝ አላልኳቸውም።