ባለ ሁለት አፉ በራድ

ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ምናለሽ ተራ ውስጥ ለየሱቁ ሻይ ማድረስ እንደጀመርኩ ነው ይሄ የገጠመኝ። ጋሽ በድሩ ከሱቃቸው ጀርባ፣ ያገኙትን እንግዳ ዕቃ ሁሉ የሚደረድሩበት ክፍል አላቸው፤ ሰፈሩ «ሙዚየሙ» ይለዋል። ለሁለት እንግዶቻቸው በፔርሙስ ሻይ ይዤ ስገባ፣ መደርደሪያው ላይ የኛን በራድ አየሁት።

አባቴ ቆርቆሮ ሠሪ ነበር። እኔና ወንድሜ «መጀመሪያ ለኔ ይቀዳ» እያልን ስንጣላ፣ ለበራዱ ሁለት አፍ ጎን ለጎን በይዶ አስታረቀን። እሱ ከሞተ በኋላ በራዱ ከአሮጌ ብረት ጋር ተቀላቅሎ ለቆራሌው ተሸጠ። እናቴ እስከ ዛሬ ይቆጫታል።

«ይሄ የንጉሥ ዕቃ ነው» አሉ ጋሽ በድሩ።

«ኧረ ተወን ጋሼ! የሰካራም ሥራ ነው እንጂ» ብሎ አንዱ እንግዳ ሳቀ።

የአባቴ ነው ልል ፈለግኩ፤ ግን ሰው ፊት መናገር አልችልም። ሳላስበው በራዱን አወረድኩና ሻዩን ገለበጥኩበት። ሁለቱን ብርጭቆዎች አጠጋግቼ ስቀዳ እኩል ሞሉ። በራዱ ውስጥ ያለው አቧራ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

እንግዳው ሳቁን አቆመ።

«ማን አሳየሽ?» አሉኝ ጋሽ በድሩ።

«አባቴ ነው የሠራው» አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የተረፈውን ሻይ ደፍተው በራዱን በኮታቸው እጅጌ ወለወሉት።

«አላልኳችሁም?» አሉ ወደ እንግዶቹ ዞረው። «ይኸው፣ የንጉሡ ልጅ ዕቃዋን ልትወስድ መጣች።»